ጠላ አልኮል ነው ወይ?

እታለም ወደ ሰፈሩ ስብሰባ የሄደችው ልታሸንፍ ነው። ከቤቷ ፊት ለፊት የምትኖረው ሰገን ግቢዋን አሳምራ ቢራ የሚቀርብበት ካፌ ልትከፍት ነው ሲባል ከሰማች ወዲህ፣ ጎረቤቱ እንዲቃወም ቤት ለቤት እየዞረች ያሳመነችው እሷ ናት። ሰገንን ፈቃድ ሰጪዎቹ «የሰፈሩን ስምምነት በጽሑፍ አምጪ» ብለዋታል። እታለም ደግሞ በዚሁ ሰፈር፣ ከደብረ ታቦር መንገድ ጀርባ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ጠላ ሸጣ ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ ቃሏ ይሰማል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በሰፈሩ ሰብሳቢ በጋሼ ገሰሰ ግቢ ተሰበሰበ። ጋሼ ገሰሰ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«ይህ የልጆች ሰፈር ነው» አለች እታለም ሳትቀመጥ። «ዛሬ ቢራ ይገባል፣ ነገ ሙዚቃ፣ ከነገ ወዲያ ጠብ። አስፋልት ዳር ትክፈት፤ የጭነት መኪናው ሹፌር ሁሉ የሚያድረው እዚያ ነው።»

«አስፋልት ዳር ቤት የለኝም፣ እትዬ» አለች ሰገን። «ያለኝ ይኸው ግቢ ነው። ሰው ከሥራ ሲመለስ አንድ ሁለት ጠጥቶ ቢሄድ ምን አለበት?»

«አንድ ሁለቱስ ባልከፋ!» አለ የባጃጅ ሹፌሩ ቢሻው ከኋላ። «ቤት የሚያፈርሰው ሦስተኛው ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ጋሼ ገሰሰ እጃቸውን አነሱ። «በይ እታለም፣ ቃሉን አንቺው ተናገሪ፤ የሰፈሩ ደንብ ሆኖ ይጻፍ።»

እታለም ተዘጋጅታበታለች። «በመኖሪያ ሰፈራችን አልኮል የሚሸጥበት ቤት አይኖርም።»

ጸሐፊዋ እናኑ ጻፈች። እጅ ይውጣ ሲባል ቀድሞ የወጣው የእታለም እጅ ነበር። ቢሻው ግን እጁን አጣጥፎ ቀረ።

«እኔ ከዛሬ ወዲያ የት ልጠጣ ነው?» አለ። «የእትዬ እታለም ቤት ተዘጋ አይደል?»

«ምን ይላል ይሄ! ጠላ አልኮል ነው ወይ? ዳጉሳና ሩዝ ነው፤ እህል ነው!»

«እህል ከሆነ ባለፈው ቅዳሜ የባጃጄን ቁልፍ ለምን ቀሙኝ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የእታለም እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። በገዛ አንደበቷ የገዛ በሯን ልትዘጋ ነበር።

ጋሼ ገሰሰ ከጣጣው ሊያወጧት ፈለጉ። «‹ከጠላ በቀር› ብለን እንጨምርበት፤ አለቀ።»

«ይጨመር» አለች ሰገን። «ግን ምክንያቱን ይንገሩኝ፣ እትዬ። የእርስዎ ሰካራም ከእኔ ሰካራም በምን ይሻላል?»

«እኔ ቤት ሰካራም የለም!» እታለም ደረቷን ነፋች። «ሰው ሲበቃው ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ። ባዶ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ እደፋበታለሁ። ከተደፋ ደግሞ ባለሥልጣንም ቢሆን አይቀዳለትም።»

«መድፋት ለጠላ ብቻ ነው እንዴ የተፈቀደው?» አለች ሰገን።

እታለም ልጂቱን አየቻት። ‹ከጠላ በቀር› ብትል ዛሬ ታሸንፋለች። ነገር ግን በእሷ ስም የተጨመረች ቃል፣ አንድ የተከፋ ጎረቤት በተነሳ ቀን በእሷው ስም ትሰረዛለች። ጠላዋን አሥራ ስምንት ዓመት ያቆየላት የደንብ ቀዳዳ ሳይሆን ብርጭቆ መድፋቷ ነው።

«እናኑ፣ ሰርዢው» አለች። «እንዲህ ብለሽ ጻፊ። መጠጥ የሚሸጥ ሁሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ሙዚቃ ከግቢ አይወጣም። የበቃው ሰው ብርጭቆ ይደፋል። ባለቤቷ ካልደፋች ቤቷ ይዘጋል።»

«የአንቺም?» አሉ ጋሼ ገሰሰ።

«የእኔም።»

ሰገን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስደፋበት የሚቆጣኝ ቢመጣስ?»

«ፊት ለፊትሽ አይደለሁም? ጥሪኝ።»

«አለቅን!» አለ ቢሻው። «አንዷን ሳንችል ሁለት እታለም!» እጁን ግን አወጣ፤ ሌላውም ተከተለው።

እታለም ግማሹ ጎረምሳ ወደ ሰገን ወንበር እንደሚሻገር ታውቃለች። ይሻገር። የቀረውን ለማቆየት ጠላዋ ከዛሬው የጠራ መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ የምታውቀው ሥራ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከሰዉ ቀድማ፣ ጥንስሷን ልታይ ወጣች።