ስብሰባ ረግጦ የወጣው ሰው ወዴት ሄደ

ጡረታ የወጣች ሴት ልቦለድ ልጻፍ ብላ ስትነሳ፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው መሳቅ ነው። እዚህም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ባሏ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ልጇ በስልክ «እማዬ፣ ደግሞ ይሄ በየትኛው አጀንዳ ተያዘ?» አለቻት። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ስትይዝ የኖረች ናት። አለቆቹ ሲጨቃጨቁ ይውሉና፣ ምን እንደወሰኑ የሚያውቁት በማግስቱ እሷ ጽፋ ስታመጣላቸው ነበር። ባልደረቦቿ «አጀንዳ» የሚል ስም አወጡላት፤ ስሙም ሰፈር ድረስ ተከትሏት ገባ። ዛሬ ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ አጀንዳ ነው የሚላት፤ እኛም እንደ ሰፈሩ እንበላት።

እትዬ አጀንዳ ግን ቀልዷን አልነበረም። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የልቦለድ አጻጻፍ ትምህርት በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደሚሰጥ ተለጥፎ አየች፤ ገብታ ተመዘገበች። በስተርጅና ምን ቆርጦሽ ነው ሲሏት «ቤት ከመዋል ብዬ» ትላለች። ውሸቷን ነው። እውነቱን እኔ ልንገራችሁ፤ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሌላ ወንድም የላትም፣ እሱም ሌላ እኅት የለውም። እሱ ከገበያው ጀርባ ሶፋ እየሠራ፣ እሷ ከዚያ ጥቂት ፌርማታ ርቃ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ ፀጉራቸው ሸበተ። ሄዳ በሩን እንዳታንኳኳ እግሯ አልታዘዝ አላት። እንግዲያው በመጽሐፍ ላግኘው አለች። እኅትና ወንድም ተጣልተው የሚታረቁበት ልቦለድ ጽፋ ማስታረቁን በወረቀት ላይ ከቻለችበት፣ በእግሯም የምትችል መሰላት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

መምህርቷ ሁለት ልቦለድ ያሳተመች፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ሴት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ነገሯ ግን መርፌ ነው። ተማሪዎቹ ከጥቂቶቹ በስተቀር ጡረተኞች ናቸው። እትዬ አጀንዳ እጇን ለማሟሟት ስለ አንድ ባልና ሚስት ጽፋ መጣችና፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ በመሥሪያ ቤት ድምፅዋ አነበበች።

«ባልና ሚስት በሳሎን ተገኝተዋል። ባል ቤቱን ጥለው ለመሄድ ማሰባቸውን ገለጹ። ሚስት በበኩላቸው ጉዳዩ እንዳሳዘናቸው አስረዱ። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ባል እንዲሄዱ በስምምነት ተወስኗል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሷ አድናቆት መሰላት። ከኋላ የተቀመጠው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ግን አልቻለም፤ «ኧረ ይሄ ትዳር እንዴት ደስ ይላል። እኔና ባለቤቴ ሰፊ ውይይት አድርገን አናውቅም፤ ድስት ነው የምንወራወረው» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህርቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና «ሰውየው ትዳሩን ጥሎ ሲሄድ ማንም አልጮኸም?» አለች።

«ጮኸዋል እንጂ።»

«ታዲያ የታለ ጩኸቱ?»

«ልጄ፣ ጩኸት እኮ አይያዝም» አለች እትዬ አጀንዳ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አታውቂም በሚል ዓይነት። «የሚያዘው ሐሳቡ ነው።»

«እዚህ ግን ሐሳቡን ተዉትና ጩኸቱን ያዙልኝ።»

ቤቷ ስትገባ ቆሽቷ አርሮ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የሰውን ስድብ ወደ ሐሳብ እየመነዘረች እንጀራዋን የበላች ሴት፣ አሁን ሐሳቡን መልሳ ወደ ስድብ መንዝሪ ስትባል አይፈረድባትም። ቢሆንም የዋዛ ሴት አይደለችም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ ሄደች፤ በሚቀጥለውም።

መምህርቷ ሰው በልቡ ያለውን ትቶ ሌላ ሌላውን እንደሚናገር ነግራቸው ነበር። እትዬ አጀንዳ ይህን ልትሰማ አውቶቡስ ላይ ከሚነታረኩ ሰዎች ኋላ መቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን አንዲት ወጣት «ጃንጥላውን ለምን ረሳህ» እያለች ባሏን ስትነዘንዘው ሰማች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የዝናብ ወሬ የለም። ልጅቷ ደግሞ አላቆመችም፤ ከጃንጥላ ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ ልደቷ ቀን ሄደች። እትዬ አጀንዳ ያኔ ነገሩ ገባት፤ መውረጃዋም አለፈ። በእግሯ ወደ ኋላ እየተመለሰች እንደ ልጅ ብቻዋን ሳቀች። ዕውቀት ሲገባ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስታው ነበር።

ጽሑፏ ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰ። ሰዎቿ ማስረዳትና መግለጽ ትተው አፍ አወጡ፤ አንዱ የሌላውን ቃል ይነጥቃል፣ አንዷ እያለቀሰች ትስቃለች። ሹፌሩ እንኳ «እትዬ፣ አሁን ድስቱ ተሰማኝ» አላት። ይሄኔ ስታመነታበት የቆየችውን ምዕራፍ ለመጻፍ ደፈረች፤ የጠቡን ቀን።

ጠቡ የተፈጠረው እንዲህ ነው። እናታቸው ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ወደቀችና ወገቧን ተጎዳች። እትዬ አጀንዳ እኔ ጋ ትምጣ አለች፣ ወንድሟም እኔ ጋ። ክፉ ልጅ አልነበረም በመካከላቸው፤ ፍቅርም ያጣላል። ታዲያ እትዬ አጀንዳ ያደረገችውን ጉድ ስሙ። አክስታቸውን፣ የአክስታቸውን ልጅና የገዛ ባሏን በእናቷ ሳሎን ሰብስባ፣ ከጠረጴዛው ራስ ቁጭ ብላ፣ ብዕር አወጣች። ቃለ ጉባኤ ያዘች ነው የምላችሁ። ሁሉንም በተራ አናገረች፣ ድምፅ አሰጠች፣ እናትየው ወደ ሴት ልጇ ቤት እንድትሄድ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ክፋት አልነበረም፤ ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ነው የሚያደርገው። ወንድሟ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሳ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ። እናታቸው ኋላ እሷ ቤት አረፈች። በቀብሩ ላይ እሱ በአንድ ዳር፣ እሷ በሌላው ዳር ቆመው ተለያዩ።

ይህን ሁሉ በሌላ ቤተሰብ እንደሆነ አስመስላ ጻፈችው፤ እስከ ዕርቁ ያሉትንም ምዕራፎች አስከተለች። የጠቡን ቀን ስታነብ ሹፌሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መምህርቷ ግን ገጾቹን ወደፊትም ወደ ኋላም ገለበጠች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ወንድምየው ወዴት ሄደ?»

«ወጣ።»

«ወጥቶስ?»

«ረግጦ ወጣ በቃ። ስብሰባ ረግጦ የወጣ ሰው፣ መውጣቱ ይያዝና ስብሰባው ይቀጥላል።»

«እትዬ፣ ከዚያ በኋላ እኮ ሰውየው የለም። ያን ሁሉ ምዕራፍ አንድ ቀን አልበላ፣ አልተኛ። መጨረሻ ላይ ብድግ ብሎ ይመጣና ይታረቃል። በር ላይ የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ይታረቃል?» ከዚያ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከበሩ ወዲያ ይሂዱና ያምጡልን» አለቻት።

እትዬ አጀንዳ ሞከረች። መጠጥ ቤት ወሰደችው፤ እሱ ግን መጠጥ አይወድም። በዝናብ ውስጥ አንከራተተችው፤ ራሷም አላመነችውም። ከሚስቱ ጋር አስለቀሰችው፤ ያ ደግሞ የባሰበት ሆነ። የጻፈችውን ሁሉ እየቀደደች ቅርጫቱን ሞላችው። ባሏ ጋዜጣውን እያነበበ «ደራሲ አይደለሽ እንዴ? ፍጠሪያ» አላት።

«ለሌላው ሰው ሁሉ ይፈጠርልኛል። ለእሱ ሲሆን እጄ አልሄድ አለኝ።»

«እንግዲያው የነገሩን ባለቤት ጠይቂው» አለ፤ ዓይኑን ከጋዜጣው አላነሳም። ሳቂተኛ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ያመልጠዋል።

ሄደች። ሦስት ጊዜ ልመለስ እያለች፣ ሄደች። የወንድሟ መሥሪያ ቦታ የኮላ ሽታ አፍኖታል፤ ወለሉ የስፖንጅና የቆዳ ቁርጥራጭ ነው። እሱ የተገለበጠ ሶፋ ሥር ተንበርክኮ፣ አፉን በጥቃቅን ሚስማር ሞልቶ መዶሻውን ያነሳል ይጥላል። ቀና ሲል አያት። ሚስማሩን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ምንኛ አርጅቷል። ጉንጩ የአባታቸውን ሆኗል።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ለልቦለድ ነው የመጣሁት።»

«ለምን?»

«ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አንተም አለህበት።»

«ደግሞ አሁን ምን ልታጸድቂብኝ ነው?» አለ። ግን ውጪ አላላትም። እሷም ፈጠን ብላ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ምዕራፉን ማንበብ ጀመረች። እሱ ያልሰማ መስሎ መዶሻውን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ምቱ ዘገየ። ወንድምየው ሲወጣ የሚናገረው ጋ ስትደርስ ጨርሶ ቆመ።

«እንዲህ አላልኩም» አለ።

«ምን አልክ ታዲያ?»

«‹እናቴን በድምፅ ብልጫ ወሰድሽብኝ› ነው ያልኩሽ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«እንዴት ትሰሚኛለሽ፤ እየጻፍሽ ነበራ።»

ይህች ቃል ውስጧ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሊይዘው አይችልም። እሱ ለእናቱ በገዛ እጁ አልጋ ሠርቶ እንደነበር፣ እግሯ መሬት እንዲደርስ ብሎ ዝቅ አድርጎ እንደሠራው፣ ማንም እንዳልጠየቀው ተናገረ። እሷ ያንተ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ እንዴት ትወጣልህ ነበር አለችው። ተሸክሜ አወጣት ነበር አላት። ወገብህ ይችል ነበር ወይ ስትለው፣ ወገቤን አንቺ ምን አገባሽ አለ። እሷ ቃሉን ነጠቀችው፣ እሱ መልሶ ነጠቃት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹ። የጎን ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪ አንገቱን ብቅ አደረገና፣ ነገሩን አይቶ ቀስ ብሎ አንገቱን መለሰ። ያን ጊዜ በእናታቸው ሳሎን መጣላት የነበረባቸውን ጠብ ይኸው አሁን ሽማግሌ ሆነው ተጣሉት። ሲደክማቸው አቆሙ።

«እሺ» አለች እትዬ አጀንዳ፣ ትንፋሽዋን እየሰበሰበች። «ያን ቀን ወጥተህ ወዴት ሄድክ?»

«ለመጽሐፍሽ ነው?»

«አላውቅም ለምን እንደሆነ። ንገረኝ ብቻ።»

እሱ የእጁን ኮላ በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። «የትም አልሄድኩም» አለ። «በሩ ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅሽ ይሰማኝ ነበር። የያዝሽውን መልሰሽ ስታነቢላቸው፣ የእኔ ስም ጋ ደረስሽና ‹ረግጠው ወጥተዋል› አልሽ። ከዚያ ቀጠልሽ። አንዱ ወጥቶ ይጠራኛል ብዬ ነበር። አንዱ እንኳ አይደለም፤ አንቺ። ወንበር ሲነሳ ስሰማ ሰው እንዳያገኘኝ ብዬ ሄድኩ።»

እትዬ አጀንዳ አለቀሰች። እንደ ዕድሜዋ ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። አንድ ሳንቃ ብቻ ነበር በመካከላቸው፤ ብድግ ብላ እጀታውን ብትይዝ ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት አይኖርም ነበር። ወንድሟ የሚያደርገው ጠፍቶት ንጹሕ ጨርቅ ፈልጎ አቀበላት፤ የሶፋ ጨርቅ ነው፣ እንባ አይመጥም።

«እኅትየዋን በሩን አስከፍታታለሁ» አለች ስትረጋጋ። «ትነሳና ትከፍትለታለች።»

«እንደዚያ አልሆነማ።»

«ልቦለድ ነው።»

አሰበበት። ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውንም ሥራ አክብሮ ነው የሚያስብበት። «ትክፈት እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «ግን ከፍታ ‹ና ግባ› ብቻ እንዳትለው። አይገባም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ግትር ነው።»

«ምን ትበለው ታዲያ?»

«በስሙ ትጥራው።»

የመሥሪያ ቦታው በር ገርበብ እንዳለ ነው። ውጪ አላፊ አግዳሚው ይንጫጫል። እትዬ አጀንዳ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልጅ ሳሉ እናታቸውና እሷ ብቻ በሚያውቁት፣ ሌላ ሰው ጠርቶት በማያውቀው ስም ጠራችው። ደግማ ጠራችው።

«አቤት እትዬ» አለ።