ሥሩ ያልጠና መንጋጋ

የዲሪቤ ጉንጭ ያበጠ ጊዜ ደስ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጎረቤቷ እትዬ ዘውደነሽ። እትዬ ዘውደነሽ መቱ ውስጥ ሳያጋቡ ውለው የማያድሩ ሴት ናቸው። ቡሬ ላለ የአንድ ባለጸጋ ልጅ ዲሪቤን አጭተውለት የቀራቸው ዕድሜዋን ማስረዳት ነበር። የተወለደችበትን ዓመት የጻፈ የለም። አባቷ ጅራታ «አንበጣ የመጣ ዓመት ነው» ይላሉ፤ አንበጣው ደግሞ የመጣው ደጋግሞ ነው።

«አፍሽን ክፈቺ!» አሉ እትዬ፤ ጣታቸውን እስከ ጉሮሮዋ ሰደዱት። «ይኸው፣ የመጨረሻው መንጋጋ ድዷን ሊበሳ ነው! ይህን ያወጣች ልጅ ደርሳለች። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋለህ፣ ጅራታ?»

«በቅሎም የምትገዛው እንዲሁ ነው» አለች ዲሪቤ አፏ ነፃ ሲወጣ።

«በቅሎ እንኳ አፍ አትመልስም!»

ጅራታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸሸጉ። ነገሩ ግን ገብቷቸዋል፤ እህቶቻቸውም የተዳሩት መንጋጋቸው እየታየ ነው። ትምህርት ዘግይታ የጀመረችው ዲሪቤ በበኩሏ አራተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ቡሬ መሄድን ከጥርስ ሕመሙ አብልጣ ፈራችው።

ሕመሙ ሲብስ አባቷ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ፣ ጋሼ ገብረ መድኅን፣ ራጅ አነሷትና ጥቁሩን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዙት። ዲሪቤ ሕመሟን ረሳች። የገዛ አጥንቷ! ጥርሶቿ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል፤ ከሁሉ ኋላ ግን አንዱ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ፊት ያለውን በአናቱ ይገፋል።

«ይሄ የተኛው ሰነፍ ማነው?»

«የሚያሳምምሽ እሱ ነው። መውጫ አጥቶ ነው።»

«የሌሎቹ እግር ረጅም ነው። የእሱስ የታል?»

ሐኪሙ ዞር ብለው አዩዋት። «እግር ያልሽው ሥሩ ነው። የጥርስ አናቱ ቀድሞ ይሠራል፤ ሥሩ ኋላ ነው የሚያድገው። ያንቺ ገና ግማሽ ነው። ጫፉ እንደ መለከት አፍ ክፍት መሆኑን አየሽ?»

«ሰሙ አባባ? ምስክርዎ ራሱ ገና አላደገም!»

ጅራታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ሥሩ እስኪያድግ ይጠበቅ?»

«የለም፣ አሁን ይነቀል። ሥሩ አጭር ሳለ ይቀላል፣ ቁስሉም ቶሎ ይሽራል። ከቆየ ይቆለመምና ከታች ወዳለው ነርቭ ይጠጋል።» ሐኪሙ ከብልቃጥ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ጥርስ አወጡ፤ ሥሩ እንደ ሜንጦ ታጥፏል። «ይህን ስነቅል ሰውዬውም እኔም ላብ በላብ ሆነን ነበር።»

የጅራታ ፊት በራ። «አየሽ! ሥር ሳይሰዱ መነቀል ነው ደጉ። ሴት ልጅም አባቷ ቤት ሥር ከሰደደች አትወጣም።»

ዲሪቤን የገዛ ጥርሷ ከዳት። መርፌ ተወጋች፣ ጥርሱ ወጣ፣ አፏ በጥጥ ተጠቀጠቀ። በመንገድ ላይ ጥርሱን መዳፏ ላይ እያገላበጠች አየችው፤ ከታች ባዶ ነው፣ ገና ያላለቀ ነገር።

ቤት ሲደርሱ ዲሪቤ አባቷ የቡና ችግኝ ወዳፈሉበት መደብ በቀጥታ ሄደች። ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ አንድ ችግኝ መርጣ መዥረጥ አደረገችው።

«ኢንተላ ኮ! ምን ነካሽ ልጄ?» ጅራታ እየሮጡ መጡ። «ሥሩ ሳይጠና ተነቅሎ የት ይጸድቃል?»

ዲሪቤ ጥጡን ተፋች። ጥርሱን ከችግኙ አጠገብ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየቻቸው።

«ጥርሱ የተነቀለው ሊጣል ነው፣ አባባ። ለሚጣል ነገር ሥር ምን ያደርግለታል? እኔንስ ቡሬ የሚወስዱኝ ሊጥሉኝ ነው፣ ሊተክሉኝ?»

ጅራታ ችግኙን ተቀበሏት። ከዚያ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ቆፈሩና እንደገና ተከሉት፤ ይጽደቅ አይጽደቅ አላወቁም።

በማግስቱ እትዬ ዘውደነሽ ለቡሬ ሽማግሌዎች ቀን ሊያስቆርጡ መጡ።

«ይቆዩ በሏቸው፣ እትዬ» አሉ ጅራታ። «ሥሯ ይጥና።»

«እስከ መቼ?»

ጅራታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዲሪቤ በምላሷ ደህናውን ጉንጯን እየዳሰሰች ነበር።

«በግራ በኩልም ሌላ የተኛ አለ መሰለኝ» አለች። «የእሱስ ሥር ጠንቶ እንደሆነ ለምን ሄደን በራጅ አናየውም?»