ነይ ብላኛለች

መስቱራ ኦስሎ ከገባች ጀምሮ አንድ ሱስ አላት፤ የሞቱ ጌቶች ቤት መጎብኘት። ሌላው ሐበሻ እሁድ በመጣ ቁጥር ሰርግና ለቅሶ ሲያሳድድ፣ እሷ ልጇን ሂዳያን አለባብሳ፣ ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከትሮስተሩድ በባቡር ወርዳ፣ አውቶቡስ ቀይራ፣ ካንዱ የጥንት ባለርስት ግቢ ወደ ሌላው ስትዞር ትውላለች። ኖርዌጆቹ እንዲህ ያለውን ግቢ «ጎርድ» ይሉታል። እሷ «ጓሮ» ትለዋለች፤ ለጆሮ ያው ነው፣ ለትርጉሙም ብዙ አይርቅም።

«ዛሬ ደግሞ የትኛው ጓሮ ነው?» ይላት ነበር ባሏ አብዱልሀሚድ። ታክሲ ሲነዳ አድሮ፣ እነሱ ሲወጡ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። «የሞተ ሰው አልጋ ለማየት ይከፈላል? ለኔ ክፈይኝና ተኝቼ ላሳይሽ።»

ይሳቅ እንጂ ነገሩ ለሷ ቀልድ አልነበረም። አባቷ ወሎ ውስጥ የጭሰኛ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የማር ግብር ተሸክሞ ባላባቱ ግቢ ድረስ ይሄድ ነበር። እዚያ በር ላይ ደጅ ሲጠኑ ይውሉና ማሩን አስረክበው ይመለሳሉ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ እስኪሞት ድረስ አላወቀም። «የዛፍ ጫፍ ይታያል፣ ሳቅ ይሰማል» ብቻ ነበር የሚላት። የዚያ ሰው ልጅ ናት እንግዲህ፣ ጫማዋ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቃ፣ የጌታው መኝታ ቤት ድረስ የምትዘልቀው። አንቺ ወዴት ነሽ የሚላት የለም። እንዲያውም በሩን ይከፍቱላትና እንኳን ደህና መጣሽ ይሏታል። በዚህ አገር ካገኘችው ነገር ሁሉ፣ ከመኖሪያ ፈቃዱም ከቤቱም በላይ፣ ይኼ ነበር ልቧን የሚያሞቀው።

ሂዳያ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ያላዩት ግቢ የለም። ሊንደሩድ ጎርድ ቅርባቸው ስለሆነ እንደ ጎረቤት ይመላለሱበት ነበር። ቦግስታ ጎርድ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዳቧቸውን ይበላሉ። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ግን ሄግሩድ ጎርድን ነው። ነጭ የእንጨት ቤት ነው፣ ፊት ለፊቱ በሁለት ረድፍ የቆሙ ሽማግሌ ዛፎች አሉ፣ ከኋላው በግንቦት መጨረሻ ሐምራዊ የሚያብብ ቁጥቋጦ ግቢውን ሁሉ ያውደዋል። ከክፍል ክፍል ስትዘዋወር መስቱራ ዝም ማለት አይሆንላትም። ያልጋውን ማጠር፣ የመጋረጃውን ክብደት፣ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ አፍንጫ የአጎቷን መምሰሉን፣ ሁሉንም ለልጇ ታወራላታለች። የአያትየውን የማር ታሪክም እዚያው ነው የነገረቻት፣ አንዴ ሳይሆን በሄዱ ቁጥር። ትንሿ ሂዳያ እጇን ይዛ ትሰማታለች። ወይም የምትሰማት ይመስላት ነበር።

ልጅ ሲያድግ ቤት ይጠበዋል። ሂዳያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ማጥናት ጀመረች፣ ከጓደኞቿ ጋር መሐል ከተማ ቤት ተከራየች፣ እሁዱም ቀረ። መስቱራ ብቻዋን አንድ ሁለቴ ሞክራ ነበር። አልጋውም መጋረጃውም ያው ነው፣ ግን ለማን ይወራል? ትታው ቤቷ ተቀመጠች። ሰው ሲጠይቃት «ትምህርት በዝቶባታል» ትላለች፣ እውነትም ትምህርቱ ብዙ ነበር። ስልክ የማይደወልበትን ሳምንት ሁሉ ግን ትምህርት አይሞላውም፤ ይኼን እናት ታውቃለች፣ አውቃም ዝም ትላለች።

ባለፈው ዒድ ሂዳያ ቤት መጥታ፣ ስልኳን እየነካካች በመሐል ጣል አድርጋ ነገረቻቸው።

«ለበጋው ዮብ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ጋይድ ሆኜ ሰው ላስጎበኝ ነው፣ ሄግሩድ።»

«የቱ ሄግሩድ? የኛው ጓሮ?» አለች መስቱራ።

«ያ፣ አዎ» አለች ሂዳያ፣ ቀና ሳትል።

የዚያን ዕለት መስቱራ እንቅልፍ አልወሰዳትም። የጭሰኛ የልጅ ልጅ ልጅ የጌታ ቤት በር ላይ ቆማ እንግዳ ልትቀበል ነው፤ ይኼ የሷ ሥራ ነው፣ እሷ በዳቦና በፌስታል የዘራችው ነው የበቀለው። በነጋታው በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ላልጠየቃትም ሰው ነገረች። ከዚያ በኋላ የቀራት መጠራት ብቻ ነበር። አንድ ሳምንት ጠበቀች፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። በስልክ ሲያወሩ «ሥራው እንዴት ነው?» ትላለች፣ «ጥሩ ነው» ትባላለች፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። የባላባት ደጅ መጥናት የቀረላቸው ሰዎች የልጅ ደጅ ይጠናሉ፤ ልዩነቱ ማር የሚቀበል እንኳን አለመኖሩ ነው።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቷ አለቀና መልእክት ጻፈችላት። ሂዳያ የአማርኛ ፊደል ስለማታነብ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጻጻፉት። «ነገ ልምጣ?» አለቻት፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። መልሱ ሲመሻሽ መጣ። አንዲት ቃል ናት፣ በሦስት የፈረንጅ ፊደል የተጻፈች። ነይ።

መስቱራ ስልኩን እንደያዘች ባሏ ጋ ሄደች። እሱ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነው።

«ነይ ብላኛለች።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ አብዱልሀሚድ። «ሳይጠሩሽ አቤት ልትዪ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።»

እሁድ ጠዋት ለዒድ የለበሰችውን ቀሚስ ለበሰች፣ ሻሿን ሁለቴ ፈትታ ሁለቴ አሰረች። ባቡሩ ውስጥ ፊቷ አልታዘዝ ብሎ ብቻዋን ፈገግ ሲል ከፊቷ የተቀመጠችው ሴትዮም መልሳ ፈገግ አለችላት። ሄግሩድ ስትደርስ ዛፎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ከኋላ ያለው ቁጥቋጦም አብቧል። ልጇን ከሩቅ አየቻት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ደረቷ ላይ የስም ባጅ አድርጋ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ከእንግዶች ጋር ትስቃለች። ያረቢ፣ እንዴት እንደምታምር። መስቱራ እጇን አውለበለበች።

ሂዳያ ስታያት ሳቋ ቀጥ አለ። ደረጃውን በፍጥነት ወረደችና ክንዷን ይዛ ወደ ቤቱ ጀርባ፣ አበባው ጋ ወሰደቻት።

«እማ፣ ምን ሆናችሁ ነው? አባ ደህና ነው?»

«ምን እንሆናለን፣ ተኝቷል። ነይ ብለሽኝ አይደል?»

«እኔ?»

መስቱራ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ሂዳያ አየችና ዓይኗን ጨፈነች።

«እማ፣ ይኼ እኮ የእናንተ ‘ነይ’ አይደለም። የኖሽኩ፣ የኖርዌጆቹ ነው። አይ ማለቴ ነው፣ አትምጪ ነው ያልኩሽ።»

በዚህ አገር «ነይ» ማለት «አይ» ማለት ነው። አዲስ የገባች ሐበሻ ሴት ሁሉ በመጀመሪያው ወር ቢሮ ውስጥ «ነይ፣ ነይ» ሲሏት ወደ ጠረጴዛው እየቀረበች ሰው ታስቃለች። መስቱራም ቀርባለች፣ ስቃለች፣ ስንቱን አዲስ ገቢ በዚሁ ቀልድ ተቀብላለች። ዕቃ ሊሸጥ የሚደውል ሁሉ ከሷ የሚሰማው ይኼንኑ ቃል ነው። ጆሮዋ በደንብ ያውቀዋል። የሚናፍቅ ሰው ግን የሚያነበው በዓይኑ አይደለም፤ ልምጣ ወይ ብሎ በአማርኛ የጠየቀ ልብ መልሱንም በአማርኛ ያነበዋል። ፊቷ እሳት ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን «የእናንተ» ያለችው ነው የከነከናት።

«እሺ፣ ተሳሳትኩ» አለች። «ግን ለምን አልመጣም?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔ መቼ ሥራ አስፈታሁሽ? ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ።»

«አንቺ ከኋላ ቆመሽ አታውቂም፣ እማ።» ሂዳያ ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሁልጊዜ ፊት ነበርሽ። በአማርኛ ጮክ ብለሽ ታወሪያለሽ፣ መጋረጃውን ትነኪና ይቆጡሻል፣ ከዚያ ለተቆጣሽ ሰው ጎንበስ ብለሽ ታክ፣ ታክ፣ ታክ እያልሽ ታመሰግኛለሽ። ሰው ሁሉ ያየናል። አንቺ ደስ ሲልሽ እኔ ወለል ወለሉን ነበር የማየው። ክፍል ውስጥ እሁድ የት ዋላችሁ ስንባል ቤት ነበርን እል ነበር።»

«እነዚያን እሁዶች...» አለች መስቱራ። «አትወጃቸውም ነበር?»

«አልወዳቸውም ነበር።»

«ታዲያ ይኼን ሥራ ምን አስያዘሽ?»

«ቤቶቹንማ እወዳቸዋለሁ» አለች ሂዳያ። ትንሽ አሰበችና፣ እውነቱን ካልጨረሰችው የማይወጣላት ይመስል ጨመረች። «ያላንቺ ላያቸው ፈልጌ ነው።»

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባላል። መስቱራ ያንን ያህል ሕመም ከንክሻ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። የተወሰደባት ያለፈው ነው። ያኛው የሐይቅ ዳር ዳቦ፣ ያች እጇ ውስጥ የነበረች ትንሽ እጅ፣ ሁሉም አሁን ሌላ ሆነ፤ እሷ ስትስቅ አጠገቧ ሆና መሬት መሬት የምታይ ልጅ ነበረች፣ እሷም አላየቻትም። በልጇ መናደድ ፈለገች፣ ተናደደችም። በራሷም ተናደደች። የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታት።

ከደረጃው በኩል አንድ ሰው ሂዳያን ጠራት።

«ከመጣሽ አይቀር ግቢ» አለች ልጅቷ፣ ቀሚሷን እያስተካከለች። «ግን ዝም ብለሽ፣ እንደ ሰው። እናቷ ነኝ እንዳትያቸው፣ እሺ?»

«እሺ» አለች መስቱራ።

መመለስ ነበረባት። እግሯ ግን ለብዙ ዓመት በለመደው መንገድ ይዟት ገባ። ላስቲኩን ጫማዋ ላይ አጠለቀችና ከሁሉም ኋላ ቆመች። ሂዳያ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ ሥዕሉን እያስረዳች ፊት ፊት ትሄዳለች። ጥሩ ትናገራለች፣ ኖርዌይኛዋ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርዳል፣ ሰዉም አፍ አፏን ያያል። መስቱራ መጋረጃው አጠገብ ስትደርስ እጆቿን ከኋላዋ አቆላለፈች። ማንም አላያትም። እንዲህ ዝም ብሎ መጎብኘት ይቻል ኖሯል ለካ።

መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነጭ ጢማም ሽማግሌ እጁን አወጣ።

«አንቺ ራስሽ የነዚህን ቤቶች ፍቅር ከየት አገኘሽው?»

ሂዳያ ፈገግ አለች። ዓይኗ ወደ ኋላ አልሄደም።

«ከእናቴ ነው» አለች። «ቅድመ አያቴ ኢትዮጵያ ውስጥ ለአንድ ጌታ ማር ይገብር ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ገብቶ ግን አያውቅም። እናቴ ይኼን አልረሳችም። እሁድ እሁድ እጄን ይዛ እዚህ ታመጣኝ ነበር፣ በያንዳንዱ ክፍል እየቆመች ታወራልኝ ነበር። የልጅነቴ ምርጥ ቀኖች እነዚያ ናቸው።»

ከመስቱራ ጎን የቆመች ሴትዮ በጣቷ ዓይኗን ጠረገችና ወደሷ ዘንበል ብላ «እንዴት የታደለች እናት ናት» አለቻት። መስቱራ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ማጨብጨብ ሲጀምር ሌላውም ተከተለው። መስቱራም አጨበጨበች፣ ዝም ብላ፣ እንደ ሰው።

ጉብኝቱ አልቆ ሰዉ ወደ አትክልቱ ሲበተን ሂዳያ መውጫው በር ላይ አጠገቧ መጥታ ቆመች። ጉንጯ ቀልቷል።

«ሰማሽኝ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሰማሁሽ።»

«ሥራ ነው እኮ፣ እማ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር መስማት ይወዳል። ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።»

መስቱራ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ ላስቲኩን ከጫማዋ እያወለቀች ነበር። አንዱን አወለቀች፣ ሁለተኛውን አወለቀች፣ እጥፍጥፍ አድርጋ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችና ቀና አለች።

«በደንብ ነው ያወራሽው» አለቻት። «እኔም እስከ ዛሬ አምኜው ነበር።»