ስለ ባሏ ውሃ የገባችው ሴት

ሶፋ ሰፊዋና ባሏ በአንድ ቀን ሊጠመቁ ቆርጠው ነበር። ትምህርቱንም አብረው ነው የጨረሱት፤ ወርክሾፓቸው ውስጥ እሷ ጨርቁን ስትወጥር፣ እሱ ምስማሩን ሲመታ፣ የተማሩትን እየተጠያየቁ ከርመዋል። የጥምቀቱ ቀን ሲቃረብ ባል ትኩሳት ያዘው። "ለጉንፋንማ እጅ አልሰጥም" ብሎ ቀለደ። ጉንፋን ግን አልነበረም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይዞት ሄደ።

እንባዋ ሳይደርቅ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ቢሮ ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የእንግዳው ወንበር ስፖንጅ ማፍጠጡን ሳትተች አታልፍም ነበር። ያን ቀን ሳታየው ተቀመጠችበት።

"ሁለቴ ያጥምቁኝ" አለችው። "አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለእሱ።"

"ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?"

"ከመጽሐፉ ነዋ! ጳውሎስ ስለ ሙታን የሚጠመቁ ሰዎችን ያነሳ የለ?"

"ያነሳል፤ አድርጉት ግን አላለም። ጥንት ያደረጉት ነበሩ፤ አባቶች አይሆንም ብለው ዘጉት። ደግሞ ባልሽ አምኖ ነው የሞተው። እግዚአብሔር ውሃ አልነካህም ብሎ ከደጅ አይመልሰውም።"

"እሱን እኔም አልጠራጠርም።"

"ታዲያ ምን ቀረሽ?"

"እጠመቃለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር። እሱ ለደንበኛ እንኳ ቀጠሮ አያሳልፍም።"

መጋቢው አይሆንም አለ። እሷም እሺ ሳትል ወጣች።

ቀኑ ደረሰ። አማቷ፣ ገና ከጅምሩ "ይሄ አዲስ ነገራችሁ አይጥመኝም" ሲሉ የነበሩት ሴትዮ፣ ሳይጠበቁ መጥተው ከአዳራሹ ኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሶፋ ሰፊዋ ተራዋ ሲደርስ ወደ ገንዳው ወረደች፤ በራሷ ስም ተጠመቀች፤ ተጨበጨበላት። መጋቢው ሊያወጣት እጁን ዘረጋ። ንቅንቅ አላለችም።

"ውጪ እንጂ፣ እህቴ።"

"አንድ ይቀረኛል።"

"ተነጋግረን ጨረስን እኮ!"

"እርስዎ ነዎት የጨረሱት።"

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ "ኧረ ብርድ ፈጀን!" ሲል ጥቂቶች ሳቁ። መጋቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እጄን አላነሳልሽም። ሕሊናዬ አይፈቅድም።"

"እጅዎን አልጠየቅኩም። ብቻ አይያዙኝ።"

ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሷም የባሏን ስም ከነአባቱ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ጠራች። "ስለ እሱ!" አለችና ራሷን ውሃው ውስጥ ደፈቀች።

ስትወጣ አሜን የሚል ጠፋ። ገንዳው መሃል ቆማ ውሃው ከፀጉሯ ሲንጠባጠብ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየች። ያኔ አማቷ ከኋላ ብድግ አሉ።

"አሜን! ምን አፋችሁን ያዘው? ልጄ እኮ ነው!"

አንድ ሁለት ድምፅ ተከተላቸው። መጋቢው አሜን አላለም፤ ግን ክንዷን ደግፎ አወጣት።

በኋላ መውጫው ላይ ጠብቆ አገኛት። "ጥምቀት ብዬ አልቆጥረውም። ለምዕመኑም እነግራለሁ፤ ይሄ አይደገምም።"

"አይደገምም። የነበረኝ ባል አንድ ነው።"

መጋቢው ሳቁ አመለጠው።

አማቷ ፎጣ ይዘው ፀጉሯን እንደ ሕፃን ፀጉር ያሹት ጀመር።

"ውሃው እንዲያው ይቀዘቅዛል?"

"አጥንት ይሰብራል፣ እማዬ።"

"እሱ ብርድ አይችልም ነበር" አሉ፣ ማሸታቸውን ሳያቆሙ። "እንኳን ገባሽለት።"