የጎን ኪስ

አርብ ጠዋት ጩጬ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ አጠለቀ፣ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ መኖር የነበረበት ነገር የለም። ዐይኑን አሸት አድርጎ እንደገና አየ። አሁንም የለም።

ጩጬ ሲባል ልጅ እንዳይመስላችሁ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ለእናቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው፤ እንደ ማስቲካ ተጣብቆበት ቀረ። የሚሠራው የቧንቧ ብልሽት በሚነገርበት የስልክ ክፍል ውስጥ ነው። ቧንቧ ፈነዳብኝ፣ ውሃ ጠፋብኝ ያለ ሁሉ እዚያ ይደውላል፤ እሱ ብሮውዘሩ ላይ ያለውን ቅጽ ሞልቶ ለጠጋኞቹ ይልካል። እስከ ሰባት ሰዓት እሱ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ እዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ኮምፒውተር የምትሠራው ታላቅ እህቱ ናት።

እና እነዚህ እህትና ወንድም፣ ጉድ በሉ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። እሱ ለሰባት አምስት ጉዳይ ሲል ውልቅ ይላል። እሷ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ደጃፍ ቆማ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ዝናብም ቢሆን ትጠብቃለች።

ጠቡ የመጣው በእናታቸው ሞት ነው። እናትየው ስድስት ወር አልጋ ላይ ስትቆይ ገላዋን ያጠበች፣ በማንኪያ ያጎረሰች፣ ሌሊት የተነሳች እህት ናት። ጩጬን ያኔ መሥሪያ ቤቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ልኮት ነበር። "በሚቀጥለው ሳምንት መጣሁ" እያለ ሳምንቱን ሲገፋ ሲገፋ ለቀብር ደረሰ። እናትየው "ሆስፒታል አትውሰጂኝ፣ እቤቴ ልሙት" ብላ ልጇን መለመኗን እሱ በምን ይወቅ? ቢጠይቅ ያውቅ ነበር። አልጠየቀም። ለቅሶው ላይ፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ጢም ብሎ በተቀመጠበት፣ ብድግ ብሎ "እማዬን የገደልሻት አንቺ ነሽ!" አላት። እህትየው ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሱ ቃል አልተነፈሰችም።

ታዲያ አንድ ወንበር ላይ እየተፈራረቁ እንዴት ሠሩ ካላችሁ፣ በጎን ኪስ ነው። ብሮውዘሩ ላይ ቀኝ ጠርዙን ሲጫኑት ሸርተት ብሎ የሚወጣ ትንሽ የማስታወሻ ሳጥን ነበረ። የክፍሉ ሰው የጎን ኪስ ይለዋል። የጻፉበት እስኪያጠፉት ድረስ ይቀመጣል። መጀመሪያ የጻፈው ጩጬ ነው፤ ለሥራ ብሎ ነው፣ ሌላ ነገር አላሰበም።

"የቀይ በሯ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ቧንቧው ደህና ነው።"

በማግስቱ ከሥሩ ተጽፎ አገኘ። "ለእኔም ሦስቴ። ቧንቧ መች አማራት፣ የሚያናግራት ሰው ነው የምትፈልገው።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስት ዓመት ሆነ። "አታሚው ወረቀት ያኝካል።" "መስኮቱን ዘግተህ ውጣ።" ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ጩጬ ግን በየጠዋቱ ኮቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነበር። ረቡዕ ለታ የጻፈችውን ሐሙስ ጠዋት ሲያነብ እጁ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። "ጩጬ፣ ብርድ ሊገባ ነው ይላሉ። ሹራብ ደርብ።"

ጩጬ ብላዋለች! ከለቅሶው ወዲህ ስሙን አልጠራችውም ነበር። በዚያን ቀን ሲደውሉለት የዋሉትን ሰዎች አድራሻ እንዴት አድርጎ እንደመዘገበ እሱም አያውቀውም። ሊወጣ ሲል የጎን ኪሱን ከፈተና አንድም ሳይሰርዝ ጻፈው። "እታለም፣ ለቅሶው ላይ ያልኩት ውሸት ነው። እማዬን ያስታመምሻት አንቺ ነሽ። ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።" ሰዓቱን ሲያይ ደንገጥ አለ፤ ልትመጣ ነው። ስክሪኑ ላይ የሆነ መስኮት ብቅ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቀው። ከፊቱ እንዲነሳለት ብቻ "እሺ" የሚለውን ተጭኖ፣ ሹራቡን አንጠልጥሎ ውልቅ አለ።

ሌሊቱን መልሷን ሲያስብ አደረ። አርብ ጠዋት ደግሞ ይኸው፣ መልስ የሚፈልግበት ሳጥን ራሱ የለም።

ደረቱ ውስጥ ዱብ የሚል ነገር ጠበቀ። አላለም። ጣቱን ጠርዙ ላይ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ተጫነ። ስልኩ ጮኸ፤ አነሳው። "ሰፈርዎን ይንገሩኝ። ከማን ቤት አጠገብ?" የራሱ ድምፅ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መሰለው። በመሃል አንድ ገጽ ተከፈተና "አዲሱን ብሮውዘር እንዴት አገኙት? ከአንድ እስከ አምስት ይስጡ" አለው። አንድ ሰጠ። "የጎን ማስታወሻውን መልሱልን" ብሎም ጻፈ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" ሲል መለሰለትና ተዘጋ። አይ ምስጋና!

ሦስት ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ጠጋኙ ሽቦ መጣ። ሽቦ ያሉት ቀጭን ስለሆነ ነው፤ አፉ ግን አይቀጥንም።

"ከአዲሱ ላይ አንስተውታል" አለ፣ ጎንበስ ብሎ እያየ። "ብዙ ሰው አይጠቀምበትም ብለው ነው አሉ።"

"ውስጡ የተጻፈውስ?"

"አብሮ ሄደ። ውሃ በላው በለው። ምን ነበረው?"

"የሥራ ነገር" አለ ጩጬ።

"ትናንት ከሰዓት እህትህም ይህንኑ ጠይቃኛለች። ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ነው የጠራችኝ። 'ወንድሜ ነው ያጠፋው?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ያለውን ነዋ! ማሽኑ መዝግቦታል፤ ለሰባት ሰባት ደቂቃ ሲቀር፣ የጠዋቱ ሰው፣ ብሮውዘሩ አፕዴት ይደረግ፣ ይታደስ ሲባል እሺ ብሏል። አዎ፣ እሱ ነው አልኳት። ምነው፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም።"

እውነቱን ነው፣ ምንም አልሆነም። ያ መስኮት፣ ያ "እሺ" ትዝ አለው፤ ክው ማለት ነበረበት፣ አላለም። እንግዲህ አላነበበችውም። ሹራብ ደርብ ባለችው ማግስት ወንድሟ መነጋገሪያቸውን ነቅሎ ጣለው፤ እሷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ልጻፍላት ብሎ እስክሪብቶ አነሳ። "እታለም" ብሎ ከጻፈ በኋላ እጁ አልሄድለት አለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የቀይ በሯ ሴትዮ ደወለች፤ ቧንቧው ደህና ነው አላት። እንደገና ደወለች፤ እንደገና ደህና ነው አላት።

ለሰባት አምስት ጉዳይ ሆነ። ጩጬ አልተነሳም። አልነሳም ብሎ ወስኖም አይደለም፤ እግሩ ስላልታዘዘለት ነው። ሰባት ሞላ። በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ ከሱቁ ደጃፍ ቆማለች። ሰባት ከአምስት። ሰባት ከአሥር ላይ መንገዱን ተሻገረች።

በሩን ከፍታ ስትገባ የክፍሉ ሰው ሁሉ አንገቱን አቀረቀረ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ያኔ ለቅሶው ላይ ነበር።

"ተነስ፣ ሰዓቴ ነው" አለችው። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፤ የእናቱን ይመስላል።

"እታለም፣ ሆን ብዬ አላጠፋሁትም።"

"ሽቦ ነግሮኛል።"

"ሳላነብ ነው እሺ ያልኩት። ሳትመጪ ልውጣ ብዬ። ጽፌልሽ ነበር።"

"ምን ብለህ?"

ዐይኑን ኪቦርዱ ላይ ተክሎ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ነገራት። እማዬን፣ ለቅሶውን፣ ይቅርታውን። እህትየው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች።

"ያኔ እንዲህ በሹክሹክታ አልነበረም" አለች። "ሰው ሞልቶ ነበር።"

ጩጬ ገባው። ማዳመጫውን አውልቆ ተነሳ። ከጎኑ ጋሼ፣ የክፍሉ አንጋፋ፣ ስልክ እያነጋገሩ ነበር፤ ቀና ብለው አዩትና "አንዴ ይቆዩኝ" ብለው ቀፎውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ።

"ስሙኝ" አለ ጩጬ። "እናታችን ስትሞት እህቴን በፊታችሁ ገደልሻት ብያታለሁ። ውሸት ነው። ስድስት ወር ያስታመመቻት እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ ያልመጣሁት እኔ ነኝ። የሚያሳፍረኝ እሷ ሳትሆን እኔ ራሴ ነኝ።"

ሦስት ስልክ ይጮሃል፤ የሚያነሳ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ጩጬ ሲናገረው ቀለል ይለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም።

እህትየው አልፋው ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሱ ዝቅ ያደረገውን እንደ ልማዷ ከፍ አደረገች። ማዳመጫውን ለማጥለቅ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሳተችው፤ በሦስተኛው ተሳካላት። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ አንድ እጇን ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ ትከሻዋ አንዴ ከፍ ዝቅ አለ።

"የቀይ በሯ ሴትዮ ደውላለች?" አለች።

ጩጬ ወደ በሩ መራመድ ጀምሮ ነበር፤ ዞረ።

"ሁለት ጊዜ" አላት። "ቧንቧው ደህና ነው።"

"እሺ። ሹራብህን እንዳትረሳ።"