የመጨረሻው «ቪዲዮ ቅዳሜ»

ሰፈሩ በአክብሮት «ኖንግ» የሚለው ጠጋኙ ሩፊኖ የቪዲዮ ካሴቱን በካቻቢቴ ከፍቶ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

"ሻጋታ ጨርሶታል፣ ዴልፊና። የዚህ የኢሎይሎ ከተማችን እርጥበት መቼ ይምራል!"

"አይሠራም እንዳትለኝ፣ ኖንግ!"

"ይሠራል፤ ግን አንዴ ብቻ ነው። እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር እቀዳዋለሁ። መንገድ ላይ ከተበጣጠሰ ግን አትፍረጂብኝ።"

ካሴቱ ላይ ያለው «ቪዲዮ ቅዳሜ» የተባለው የቴሌቪዥን የዘፈን ፕሮግራም የመጨረሻ ዝግጅት ነው። የዛሬዋ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ዴልፊና ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እነሱ ቤት ይግተለተላል፤ ቦታ ያጣው መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። መብራት እንዳይጠፋ ለማርያም ይሳላሉ። አቅራቢዋ ጸጉሯን ቆልላ ብቅ ስትል ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮኻሉ። ዘፈኖቹን ዛሬ ስልኳ ላይ አግኝታቸዋለች። በየዘፈኑ መሀል የተመልካች ደብዳቤ የምታነበውን፣ በመጨረሻው ቀን ስንብቱን ሳትጨርስ ያለቀሰችውን ያቺን ሴትዮ ግን የትም አላገኘቻትም። ናፍቆቱ ደግሞ ከዕድሜዋ ጋር ባሰባት እንጂ አልቀነሰላትም።

ችግሩ ዝግጅቱን የቀዳችበት ካሴት ባዶ አልነበረም። አባቷ ከሳዑዲ በሰው እጅ የላከው የቪዲዮ መልእክት ነበረበት። ማንም እንዳይቀዳበት ብሎ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብሯት ነበር። በዝግጅቱ የመጨረሻ ቀን ሌላ ካሴት ቢጠፋ ዴልፊና ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍና ቀዳችበት። አባቷ በዓመቱ እዚያው ሥራው ላይ ሞተ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በካርቶን ወደሚያራግቡት እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ የአባባ ነገር ሁሉም አልጠፋም። ከዝግጅቱ በኋላ መጨረሻው ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ተርፏል። ያኔውኑ አይቼዋለሁ።"

የእናቷ እጅ ቆመ። "አርባ ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?"

"አፈርኩ። 'የቀረውንስ ለምን አጠፋሽው?' የምትዪኝ መሰለኝ።"

"አንቺ ሞኝ!" አሉና ማራገባቸውን ቀጠሉ። "ደግሞ ምን አለና ነው? ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲያወራ ነው የጨረሰው፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ያቺን ጸጉራም ሴትዮሽን አስቀጂ። ቤታችን ሰው ሞልቶት የነበረው ያኔ ነው።"

"እሺ፣ ከየት ልጀምር?" አለ ሩፊኖ። "ከፊት ከጀመርኩ አባትሽ ጋ ሳንደርስ ሊበጠስ ይችላል። ከኋላ ካላችሁኝ ጥቅሉን እስከ መጨረሻው በእጄ አጠነጥነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የፊተኛውን የምናገኘው አይመስለኝም።"

"ከፊት ነው አልኩ እኮ" አሉ እናትየው።

ይህን እያሉ ቦርሳቸውን ከፍተው መነጽራቸውን አወጡ። በቀሚሳቸው ጫፍ ግራና ቀኙን ደጋግመው ወልውለው አደረጉት። ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን እየጎተቱ ስክሪኑ ሥር ተጠጉ።

ዴልፊና እናቷ ያደረጉትን መነጽር አየች። ያቺን አቅራቢ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብታያት ምን ነበረበት!

"ከኋላ ጀምርልን፣ ኖንግ" አለች። "ድምፁንም ከፍ አድርገው።"