ግማሽ መዝገበ ቃላት

ስልኩ ሲጮህ ቪቤከ የእቃ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ እየተረጎመች ነበር። «እየተረጎመች» ማለት እንኳ ማጋነን ነው። በዚህ ዘመን የሚተረጉመው ኮምፒውተሩ ነው፤ እሷ ኋላ ኋላው እየተከተለች አፍንጫውን ትጠርጋለች። ማንም የማያነበውን ጽሑፍ ማንም ሳይጽፈው ማረም፣ አይ ሥራ! ዕድሜዋ ሰባ አንድ ነው። ዓይኗ ይቆጠቁጣታል፣ ጉልበቷ እንቢ ካላት ሰንብቷል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰልችቷታል።

የደወለው ልጇ አስገር ነው።

«እማዬ፣ አባዬ አፉን ፈታ!»

«ተመስገን! ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ? በጀርመንኛ ነው የሚያወራው!»

አባትየው ፕሬበን ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣውም ነበር። ዴንማርክ ተወልዶ፣ ኦርሁስ ውስጥ አርጅቶ፣ ዴንማርክኛው ድራሹ ጠፋ። ዕድሜ ልኩን ከመጻሕፍት ላይ ሲለቅም የኖረው ጀርመንኛ ግን ተመለሰ። ሐኪሞቹ አንዳንዴ ያጋጥማል አሉ። የእናቱ ቋንቋ ጥላው ስትሄድ የእንጀራ እናቱ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች ማለት ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ ፕሬበን ግን የተናገረው ሁሉ ጠፍቶ የወለደው ብቻ አጠገቡ ቆሟል፤ እሱም ጀርመንኛውን አይሰማም።

«ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ተምረህ የለም እንዴ?» አለችው።

«ቢራ ማዘዝ እችላለሁ። እሱ ደግሞ ቢራ አልጠየቀም። ነገ ከማዘጋጃ ቤት ሰው ትመጣለች፤ ወይ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይ መጦሪያ ይገባል። በራሱ አፍ ይምረጥ ነው የሚሉት። አንቺ ካልመጣሽ ማን ይሰማዋል?»

«እኛ እኮ ከተፋታን ቆየን፣ አስገር።»

«በየሳምንቱ እየተደዋወላችሁ?»

«እሱ ለሥራ ነው!» ብላ ዘጋችበት።

እውነቷን ነው፣ ለሥራ ነው፤ ፕሬበንም እንደ እሷው ተርጓሚ ነበር። ወጣት ሳሉ ለሶፋ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ወጥተው ትልቁን የጀርመንኛ-ዴንማርክኛ መዝገበ ቃላት፣ ሁለቱን ቅጽ፣ ተሸክመው ተመለሱ። ያን ክረምት ወለል ላይ ተቀምጠው ነው ያሳለፉት። ሲፋቱ ሁሉንም በሰላም ተካፈሉ፣ የበጋ ጎጆዋን ሳይቀር። መዝገበ ቃላቱ ላይ ሲደርሱ ግን ተናነቁ። ጠበቃው ቢታክተው «እንግዲህ አንዳንድ ቅጽ ውሰዱ!» ብሎ ቀለደ። እነሱ ቀልዱን እውነት አደረጉት። ከኤ እስከ ኬ ለእሱ፣ ከኤል እስከ ዜድ ለእሷ።

ከዚያ ወዲህ እሷን የኬ ቃል ሲቸግራት ለእሱ ትደውላለች፤ እሱን የኤስ ቃል ሲቸግረው ለእሷ ይደውላል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብህ?» ትለዋለች።

«ኤስ ነቻ! ጀርመኖች ነገር ሲያስቡ በኤስ ነው የሚጀምሩት። አንቺ ተንኮለኛ፣ አውቀሽ ነው ያንን ቅጽ የወሰድሽው!»

«አንተ ሁለተኛውን ልውሰድ ብትል ማን ከለከለህ?»

መቼም ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ከመጣ ቆይቷል። ቪቤከ ራሷ በየዓመቱ እየከፈለች ትጠቀማለች። ለፕሬበን ግን ትንፍሽ አላለችም። «የኮምፒውተሩ አይታመንም» ትላለች፤ የምትለው ለራሷ ነው፣ የጠየቃት የለም።

በማግስቱ ሆስፒታል ስትደርስ ፕሬበን ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ መስሎ አንሶላው ላይ ተጋድሟል። ሲያያት ዓይኑ በራ። በጀርመንኛ «ዘገየሽ» አላት።

«ዝም ብለህ ዳን አንተ» አለችው በጀርመንኛ።

የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ወጣት ናት፤ ድምጿ ለስላሳ። ዝቅ ብላ ቀስ እያለች በዴንማርክኛ ጠየቀችው፤ መናገሩ ከዳው እንጂ መስማቱ አልከዳውም።

«ፕሬበን፣ ከዚህ ስትወጣ ወዴት መሄድ ትፈልጋለህ?»

ፕሬበን ከንፈሩን ሲያላውስ፣ ሲያላውስ ቆየና አንድ ቃል አወጣ።

«ሃይም።»

ሁሉም ወደ ቪቤከ ዞሩ።

ወይ ጣጣ! ከቃል ሁሉ ይህን? ሃይም ቤት ነው፤ ወደ ቤቴ ማለት ነው። ሃይም ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያም ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከፊት የምትገባ ጤፍ የምታክል ቃል ናት፤ በሽታው ለይቶ የበላው ደግሞ እነዚያኑ ጤፍ ጤፍ የሚያክሉትን ነው።

«የም እያለ ነው፣ አይደል?» አለ አስገር ደስ ብሎት፤ የም በዴንማርክኛ ቤት ነው። «የእኛው የም እኮ ነው! ቤቴ ውሰዱኝ እያለ ነው።» ሴትዮዋም ልትጽፍ ጣቷን አነሳች።

«ቆዩ» አለች ቪቤከ።

የፕሬበን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አስገር ሌላ ከተማ፣ ኦልቦርግ ነው የሚኖረው፤ ሁለት ሕፃናት አሉበት። ማዘጋጃ ቤት ረዳት ይልካል፣ ግን ረዳቷ ጀርመንኛ ከየት ታመጣለች? ውሃ ሲል፣ አመመኝ ሲል ማን ይጠራል? ቪቤከ ነቻ! ፎቁን የሚወጣው የቪቤከ ጉልበት ነው። አሁን «መጦሪያ አለ» ብትል የሚያርማት የለም። ክፍሉ ውስጥ ጀርመንኛ የሚያውቁት እሷና አንድ አፉ የታሰረ ሰው ናቸው። አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምን ትዋሻለች፣ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «መዝገበ ቃላት ማየት አለብኝ።»

«እማዬ! ሃይምን? ሕፃን የሚያውቀውን ቃል?»

«ኤች እኔ ጋ የለም። ቁልፉን ስጠኝ።»

የፕሬበንን ደረጃ በየፎቁ እየቆመች ወጣችው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የእጅ መደገፊያውን ይዛ ዝክዝክ አድርጋ ረገመችው። ደረጃውንም፣ ፕሬበንንም፣ ጀርመኖችንም። አቅም የላትም። ሚስቱ ሳለችም ያላደረገችውን አሁን እንዴት ታደርገዋለች?

ቤቱ የታፈነ አየርና የደረቀ አጃ ዳቦ ይሸታል። መደርደሪያው የጽሕፈት ጠረጴዛው ራስጌ ነው። ከኤ እስከ ኬ እዚያ ቆሟል፤ አረንጓዴ ጀርባው ተልጦ። አጠገቡ ደግሞ ከኤል እስከ ዜድ ቆሟል።

የእሷ መስሏት ደነገጠች። የእሷማ ቤቷ ነው። አወጣችው። ያው እትም፣ ያው አረንጓዴ፤ ኤስ ላይ ጠርዙ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ውስጡ የፕሬበን የእርሳስ ምልክቶች፤ ብዙዎቹ ደብዝዘዋል። ከብዙ ዓመት በፊት የገዛው ነው።

«አንተ ቀጣፊ!» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። «እኔ ከመታጠቢያ ቤት እየሮጥኩ ወጥቼ ሳነብልህ ለካ እፊትህ ዘርግተኸው ነው የምትሰማኝ!» ንዴቷ ግን ሩቅ አልሄደም። የራሷ ኮምፒውተር ትዝ አላት። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፉን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አለቀሰች፤ ከኀዘኑ ድካሙ ይብሳል።

ስትመለስ የያዘችው የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ነው። ኤች ላይ ገለጠችና ደረቱ ላይ አኖረችለት። ቃሉ ሥር በዴንማርክኛ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ተለይቷል፤ አንድ ቤት፣ ሁለት መጦሪያ። ፕሬበን ሳቅ አለ፤ ሳቁ በግማሽ ፊቱ ብቻ ወጣ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳ።

ጣቱ ከላይ ጀምሮ ሲወርድ ቪቤከ ሁለት ላይ በሆነ ብላ ለመነች። አንድን ሲያልፍ ደግሞ ልቧ እንዲህ ይሰበራል ብላ አላሰበችም። ጣቱ ሁለት ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለ አስገር። «መጦሪያ ነው እኮ!»

ፕሬበን ልጁን አላየውም። ቪቤከን ከላይ እስከ ታች አየና በግራ እጁ ወደ እግሯ ጠቆመ።

«ክኒ» አላት።

«ምን አለ?» ጠየቀች ሴትዮዋ፣ ልትጽፍ ተዘጋጅታ።

ክኒ ጉልበት ነው። ቪቤከ ዕድሜዋን ሙሉ ያልተረጎመችው የለም፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የማጠቢያ ማሽን። ይቺን ግን ማውጣት አቃታት።

«ለእኔ ነው ያለው» አለች። «አይጻፍም።»

ቤቱ ሲለቀቅ መጻሕፍቱን በካርቶን የከተተው አስገር ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ መዝገበ ቃላት በነጻም አልወስድም አለ።

«አንደኛውን ቅጽ አባዬ ጋ እወስደዋለሁ» አለ አስገር። «ሁለተኛውንስ?»

«የቱን ሁለተኛ?» አለች ቪቤከ። «ሁለተኛው ድሮም እኔ ጋ ነው።» ልጇ መኪናውን ሊያስጠጋ ሲወርድ ግን ከካርቶኑ አውጥታ በኮቷ ሥር አደረገችው። ስለዚህ አሁን ሁለት ከኤል እስከ ዜድ አላት፤ ከኤ እስከ ኬ የላትም።

ከሰነበተ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ የማሽን መመሪያ ፊቷ ተዘርግቶ ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብህ?» አለችው።

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። መጦሪያው ውስጥ አንድ ቦታ ሳህን ይንኳኳል።

«ሙደ» አለ ፕሬበን።

ሕፃን የሚያውቀው ቃል ነው። «ኤም የእኔ ነው፤ ቆየኝ» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእሱን ቅጽ አወረደች፣ የጠቆረውን። ገጹን ስትገልጥ እንዲሰማው ስልኩ አጠገብ አድርጋ ገለጠች። መነጽሯን አጠለቀች፤ ልትተኛ የምትል ሕፃን እንደማባበል ቀስ ብላ አነበበችለት።

«የደከመው። የዛለ። የታከተው።»

«ያ» አላት፣ አዎ ሲል።

«እኔም» አለችው።